የመስኮቱ ወንበር

መስከረም 22
የጨርቅ ሱቃችን ጭር ብሎ ዋለ። ግማሹ ሰው ወረርሽኙን ፈርቶ ቤቱ ተከቷል። የመጣውም ጭምብል ለማሰፋት ነጭ ጥጥ ብቻ ይጠይቃል። ከላይኛው መደርደሪያ ጣቃ ላወርድ ስል ጣቶቼ እምቢ አሉ። ጠዋት ጠዋት እንዲህ ያብጣሉ። ደንበኛዋ ራሷ አወረደችው።
"ምነው የኔ እናት፣ ገና በዚህ ዕድሜሽ?"
ጥጡን ለካሁላት።
ሰኞ ኮሌጅ እጀምራለሁ። ፋርማሲ። የመድኃኒት ብልቃጥ ከጣቃ ይቀላል፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። አባዬ ግን ላገኘው ሁሉ "ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው" ይላል። ይበል።

መስከረም 28
ቤተ ሙከራው ጠባብ ነው። ትከሻ ለትከሻ ተቀመጥን። የሁሉም ጭምብል አገጩ ላይ... የእኔ መድኃኒት የጣቶቼን እብጠት የሚያስታግሰው የሰውነቴን መከላከያ አዳክሞ ነው። ሐኪሟ "ሌላው ጉንፋን ብሎ የሚያልፈው አንቺን ይጥልሻል" ብላኛለች።
ከጎኔ ያለችው ልጅ ስታስል ዋለች። "አለርጂ ነው እትዬ፣ አይዞሽ።"
እትዬ! ገና ሠላሳ አልሞላኝም እኮ።
መስኮቱ ጋ አንድ ባዶ ወንበር አለ። አየር ይገባል፣ ለበሩም ቅርብ ነው። ቦታ የሚደለድለው ግን የኮሌጁ ዲን ነው አሉ። እሷን ወንበር ካገኘሁ ዓመቱን እዘልቀዋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

መስከረም 29
አባዬን አማከርኩት።
"አንድ ወንበር ብለሽ ከገባሽ በርጩማ ይዘሽ ትወጫለሽ" አለ። "ከፍ አድርገሽ ጥሪ። ወርደሽ ወርደሽ የፈለግሽው ላይ ትቆሚያለሽ።"
ልክ ነው። እዚህ ሱቅ የጠራነውን ዋጋ የከፈለ ሰው አይቼ አላውቅም።
ሬዲዮም ከደጅ ሆኖ ጣልቃ ገባ። ጎረቤታችን ጫማ ሻጩ ነው፣ አፉ ስለማይዘጋ ነው እንዲህ የምንለው። "ዲን ምንድን ነው? ክራባት ያሰረ ደንበኛ።"

ጥቅምት 2
ዲኑ ጋ ገባሁ። በመሃላችን መስተዋት አቁሟል። የሐኪም ማስረጃዬን በሥሩ አሾለክሁለት።
"ዓመቱን ሙሉ ቤቴ ሆኜ ልማር" አልኩ።
ጠበቅኩ። አይሆንም ይለኛል። ተክዤ "እንግዲያው ግማሹን" እለዋለሁ። እሱንም አይሆንም ይላል። ያኔ ወንበሯን እጠራለሁ...
"እሺ" አለ።
"ምን አሉኝ?"
"የጤና ጉዳይ አይደል? ተፈቅዷል።" ማኅተሙን መታበት።
ኮሪደሩ ላይ ብዙ ቆምኩ። ደንበኛ የጠሩለትን ዋጋ ሳይከራከር ሲቀበል ሻጭ ደስ አይለውም። ምን አይቶ ነው? ይላል።

ጥቅምት 5
ከኮሌጁ ተደወለ። ፋርማሲ ያለ ቤተ ሙከራ አይሰጥም። ከቤት ሆነው የሚማሩት ትምህርት አንድ ብቻ ነው... ንግድ። ወደዚያ አዛውረውኛል።
"ደስ አይልሽም?" አለች ጸሐፊዋ። "ነጋዴ ነሽ አሉ።"

ጥቅምት 6
ዲኑ ጋ ተመልሼ ሄድኩ።
"እህቴ፣ የጠየቅሽውን እኮ ነው የሰጠንሽ።"
"እኔ የፈለግኩት መስኮቱ ጋ ያለችውን ወንበር ነበር።"
"ታዲያ ለምን እሷን አልጠየቅሽም?"
ሲያሾፍ አይደለም፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ቦታዬን ይመልሱልኝ ብዬ ለመንኩት። እኔ!
ቦታዬ ለተጠባባቂ ተሰጥቷል። በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ማመልከት ትችያለሽ ተባልኩ።
ሬዲዮ ሲሰማ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለ። በራሱ ጫማ ባጮልኩት ደስ ባለኝ። ክራባት ያሰረ ደንበኛ ያለኝ ማን ሆነና?
አባዬ የሱቁን መዝጊያ እያወረደ "እኔ ነኝ..." ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም። እኔም አላስጨረስኩትም።

ጥቅምት 19
ያቺ ስታስል የነበረችው ልጅ ደወለች።
"የመስኮቱን ወንበር ማን ወሰደው?" አልኳት።
"ማን ይወስደዋል? ስለሚበርድ የሚጠጋው የለም። አዲሱ ልጅ አንቺ ቦታ ነው የተቀመጠው።"
"ሳሉስ?"
"ለቀቀኝ። ናፍቀሽኛል እኮ እትዬ።"
እሷን እንኳ መጥላት አልቻልኩም።

ኅዳር 8
ስልኩን ጣቃ ላይ አስደግፌ ንግድ እማራለሁ። አስተማሪው ልጅ እግር ነው፣ ድምፁ ይቆራረጣል። የዛሬው ትምህርት ስለ ድርድር። "ሁልጊዜ ከፍ ካለ ዋጋ ጀምሩ" አለ። ድምፁን ዘጋሁት።
አንዲት ሴት ገብታ ሰማያዊውን ሱፍ ዳበሰች። ዘረጋሁላት። ዋጋውን ስትጠይቀኝ ቁርጡን ነገርኳት።
"እሺ፣ ስንት ትቀንሽልኛለሽ?"
"አልቀንስም። የምሸጥበት ይኸው ነው።"
"ወይ ጉድ። ምን ዓይነት ነጋዴ ነሽ አንቺ?"
ትታው ወጣች። መልሼ አልጠራኋትም። አባዬ ከጓዳ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ድሮ ቢሆን እስከ በሩ ሮጦ ይመልሳት ነበር።
ሱፉን ጠቅልዬ ልመልስ ተነሣሁ። ጣቶቼ ገና አልተፍታቱም። እንደተዘረጋ ተውኩት።