የጠፋውንም ታያላችሁ?

ሰኞ፣ መጋቢት 8 ቀን 2006

ከአማኑኤል እስከ ፖሊስ ጣቢያ በእግሬ። የታክሲ ሰልፉ አይቀመስም። አንዱ የጋሪ ጎማውን ጫማዬ ላይ አሳልፎ ሄደ፣ ይቅርታም የለ። መርካቶ ያው መርካቶ ናት።

ክፍላችንም ያው። ድሮ የተያዘ ልብስ ይታጎርባት ስለነበር እስከዛሬ ናፍታሊን ትሸታለች። በሯ ላይ «ዲጂታል ማስረጃ» ብለን ለጥፈናል፣ ሰው ግን «የስልክ ክፍል» ነው የሚላት። እኔና በሪሁን ነን ያለነው። የሦስት ወር ስልጠና፣ አንድ ኮምፒውተር... በቃ። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ በኮምፒውተር ሌባ ትይዛለች» ትላለች አሉ። ትበል።

ዛሬ የመጣልን የሸማ ተራው ስርቆት ነው። የጋሼ ጀማለዲን መጋዘን ባለፈው ሳምንት በጓሮ በር ተከፍቶ ጨርቁ ተጭኖ ሄዷል። በሩ አልተሰበረም። የተያዘው የራሳቸው ሠራተኛ ነው፣ ፉርቃን የሚባል። ስልኩ ውስጥ ያለውን ሜሞሪ ካርድ ከፈትን። ፕሮግራሙ የተሰረዘውን ሁሉ መልሶ ያመጣል። መጀመሪያ ዘፈን መጣ፣ ከዚያ መንዙማ፣ ከዚያ ደግሞ መሃል ላይ የሚቋረጥ መዝሙር። በሪሁን «ሁለቱንም ይዟል፣ ለጥንቃቄ» አለ። ሳቅን።

ቀጥሎ ፎቶዎች። ሚስቱ መሆን አለባት። ቤት ውስጥ ነች፣ ሻሽ የላትም፣ ጸጉሯ ተበትኗል፣ መወልወያውን እንደ ማይክ ይዛ ትጨፍራለች። በሪሁን እያሰፋ አሳየኝ። እኔም ሳቅኩ። ደስ ትላለች እኮ...

ከዚያ በሩ መጣ። የመጋዘኑ የጓሮ በር፣ ቁልፉ በቅርብ ተነስቶ። እሱም ተሰርዞ ነበር። የየካቲት ቀን አለው፣ ከስርቆቱ በፊት ማለት ነው። በምን ስልክ እንደተነሳ አይናገርም፣ የቻይና ስልኮች እንዲህ ናቸው። ሁለታችንም መሳቃችንን ተውን።

ያዝነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ኮማንደር ኃይሌ ምርመራው ላይ አስገባኝ። «ያገኘሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው አሳዪው» አለኝ።

ፉርቃን ፎቶውን አገላብጦ አየ። «በሩን አውቀዋለሁ፣ በየቀኑ የምከፍተው ነው። ፎቶውን ግን ወላሂ አላውቀውም።»

«ከአንተ ካርድ ነው የወጣው። አጥፍተኸው ነበር፣ አመጣነው» አልኩት።

ፊቱ ልውጥ አለ። «የጠፋውንም ታያላችሁ?»

«እናያለን።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

አቀረቀረ። ኮማንደር ወደ እኔ ዞሮ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለ። ከሰዓት ሪፖርቱን ጻፍኩ፦ ተጠርጣሪው በየካቲት አንስቶ የሰረዘው ፎቶ... ፍርድ ቤት የአሥራ አራት ቀን ቀጠሮ ሰጠ። ኮማንደር ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጎሽ» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ግን ያ አንገት አደፋፍ... የፈራ ሰው ነው? ያፈረ ሰው ነው? ሁለቱ በምን ይለያሉ? ስልጠናው ላይ አልነገሩንም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

የፉርቃንን ሚስት ጣቢያው በር ላይ አየኋት። ስንቅ ይዛ ተሰልፋለች። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳዋለች። ሰላም ልላት ምንም አልቀረኝ። ለካ አላውቃትም! ከየት ታውቂኛለሽ ብትለኝ ምን ልላት ነበር? አጠገቧ ያለችው ሴት «ሀፍሷ፣ ተራሽ ደረሰ» አለቻት። ስሟን እንዲህ አወቅኩ። መጀመሪያ ጸጉሯን፣ ቀጥሎ ስሟን።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ምን እንደሆነ አልገባኝም... ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ልብስ እያጠብኩ ነበር። ጾም ነውና መዝሙር ከፍቼ ስልኩን መስኮት ላይ አድርጌዋለሁ። አንዱ መዝሙር መሃሉ ላይ ቀጥ አለ። ሁሌም እዚያች ቦታ ላይ ይቋረጣል፣ ለምጄዋለሁ። ከዚያ መንዙማ ጀመረ።

እኔ ስልክ ላይ መንዙማ ምን ይሠራል?

እጄን ሳላደርቅ ስልኩን አነሳሁ። ያው መንዙማ። ያው የተቆረጠ መዝሙር። ፉርቃን ካርድ ላይ እንደሰማሁት፣ በዚያው ተራ። ለጥምቀት ብዬ አብነት ሰፈር፣ ዘፈን የሚጭነው ካሳ ጋ ነበር ያስጫንኩት። መዝሙር ብቻ አልኩት እንጂ ያለውን ሁሉ ነው የሞላልኝ። የማላውቃቸው ፎቶዎችም አብረው መጥተው ነበር። የሰው በግ፣ የሰው ሰርግ... ሳላይ ጠርጌ አጠፋኋቸው። በር ነበረበት? የነበረ ይመስለኛል። ወይስ አሁን ስለፈለግኩት ነው የታየኝ?

ሰኞ፣ መጋቢት 15

በጠዋት አብነት። የካሳ ሱቅ ከመስኮት አትበልጥም። ዩኒፎርሜን ሲያይ ቆመ።

«የሰው ካርድ ሲመጣልህ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«እጭናለኋ።»

«ከመጫንህ በፊት።»

አንገቱን አከከ። «አይ... ያለውን ሙሉውን ወደ ኮምፒውተሬ እገለብጣለሁ። ሰዉ እኔ የሌለኝ ዘፈን ይኖረዋል። ከዚያ ለሚቀጥለው ደንበኛ ሙሉውን እለቅለታለሁ። ማን ቁጭ ብሎ ይመርጣል፣ እህቴ? መርካቶ እኮ ነው።»

«ፎቶ ቢኖርበትስ?»

«አብሮ ይሄዳል። ያልፈለገ ያጠፋዋል። ተቆጥቶ የመጣ የለም።»

ኮምፒውተሩን እንይ አልኩት። ቫይረስ በልቶት ሰሞኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ጭኖታል። ፉርቃንን ያውቀው እንደሆን ስጠይቀው ሳቀ። «በስም የማውቀው የለም። በካርድ ነው የማውቃቸው።»

ስመለስ በአትክልት ተራ በኩል ነበር። የጎመን ልጣጭ ላይ ሊያንሸራትተኝ ነበር፣ ልቤ አብሮኝ የለም። ፎቶው ካርዱ ላይ የተቀመጠበትን ቀን የተነሳበት ቀን አድርጌ ጽፌያለሁ። ካርዱ ላይ የተገኘውን ሁሉ የሰውየው አድርጌያለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት ግን ሰው ነው፣ እስር ቤት ያለ ሰው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ለኮማንደር ነገርኩት። እስክጨርስ ብዕሩን ሲከፍት ሲዘጋ ነበር።

«ሳጅን፣ ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሚ።»

«ፎቶው እኔም ካርድ ላይ ሳይኖር አይቀርም፣ ኮማንደር። አጥፍቼዋለሁ፣ ግን ይመለሳል።»

«ከእሱ ወደ አንቺ ሄዶ ቢሆንስ? እሱ አንስቶት፣ ካሳ ገልብጦት?»

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። «ቀኑ ይለየዋል። የእሱ ካርድ አዲስ ነው፣ ራሱ ካርዱ ሥራ የጀመረው በየካቲት ነው። እኔ ያስጫንኩት በጥር ነው። የእኔ ከቀደመ ከእሱ አልመጣም።»

ኮማንደር ብዕሩን አስቀመጠ። «እንግዲያው ካርድሽን አስገቢ። እንደማንኛውም ኤግዚቢት። ራስሽ አትነኪውም፣ በሪሁን ይሠራዋል። የጠፋው ሁሉ ይወጣል። እስከ ሐሙስ አስቢበት።»

«ምን የሚታሰብ አለው?» ብዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ስደርስ ትዝ አለኝ። ቆምኩ።

ቬሎው...

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው።

እጮኛዬ ይድነቃቸው በኅዳር ቀረ። ስልክ ማንሳት ተወ፣ በቃ። ለሰው ሁሉ ግን «እኔ ነኝ የተውኩት» ነው ያልኩት። ለእናቴም፣ ለበሪሁንም። በሪሁን እንዲያውም «ጀግና ነሽ» ብሎኝ ምሳ ጋብዞኛል። በታኅሣሥ፣ እሱ ከቀረ ከወር በኋላ፣ ብቻዬን ቬሎ ኪራይ ቤት ገባሁ። ለምን እንደገባሁ ዛሬም አላውቅም። ለበስኩት። ልጅቷ በስልኬ አነሳችኝ። ከፊት፣ ከጎን፣ ዘርፉን ዘርግታ። «ሙሽራው መቼ ነው የሚያየው?» አለችኝ። «ሰሞኑን» አልኳት። ቤት ስደርስ ሁሉንም አጠፋሁት።

ፎቶዎቹ ላይ ቀን አለ። በሪሁን ቀን ማንበብ ያውቃል። ፉርቃንን የሚያወጣው ቀን እኔን ውሸታም ያደርገኛል።

ካርዱ የጥፍሬን ያህል ናት። ስወጣ ስገባ የማልፈው ቱቦ አለ፣ ክዳን የለውም። እዚያ ብትወድቅ ማን ያውቃል? ጠፋብኝ እላለሁ። ማን ይጠይቀኛል? ዛሬ ሁለት ጊዜ አጠገቡ ቆሜያለሁ።

ሁለተኛ ጊዜ ስቆም ነው የገባኝ። «የጠፋውንም ታያላችሁ?» ያለው ለበሩ አይደለም። በሩ ትዝም አላለውም። ያሰበው የሚስቱን ፎቶ ነው፣ አጥፋው ብላው አጥፍቶት ይሆናል። እኛ አመጣነው፣ አስፍተን አየነው፣ ሳቅን። ሰውየው በሚስቱ አፍሮ አቀረቀረ፣ እኛ ሌባ አልነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አፈርኩ። አሁን ይሄን ስጽፍም ፊቴ እየጋለ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ሰጠሁት። ፈረምኩ። በሪሁን ፖስታው ውስጥ ከትቶ አሸገው፣ ስሜን «የካርዱ ባለቤት» የሚለው ቦታ ላይ ጻፈ። ክፍሉ ውስጥ መቆየት ስለማይፈቀድልኝ ወጣሁ። ሊስትሮ ጋ ተቀምጬ የተጠረገ ጫማዬን እንደገና አስጠረግኩ።

ሲጠራኝ ስክሪኑን ወደ ግድግዳ አዙሮታል። የታተመች አንድ ወረቀት ሰጠኝ። በሩ። ያው ቁልፍ፣ ያው የዛገ ጥግ። የጥር ቀን።

«ሌላስ?» አልኩት።

«ምን ሌላ?»

«ሌላ ፎቶ።»

«እኔ በሩን ነው የፈለግኩት። ሌላውን አላየሁትም።»

መዝገቡ ላይ «ሌሎች የግል ፎቶዎች፣ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኙ» ብሎ ጽፏል። ፕሮግራሙ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የሚዘረግፈው። ሳያዩ ማለፍ አይቻልም። እኔ አውቃለሁ። እሱም እንደማውቅ ያውቃል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ፉርቃን ተለቀቀ። ዐቃቤ ሕጉ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ አየና «ሌላ ምን አላችሁ?» አለ። ሌላ የለንም። ኮማንደር ከዚያ ወዲህ «ሳጅን» አይለኝም፣ «እሷ» ነው የሚለኝ። ሪፖርቴን አርሜ በራሴ ስም ሁለተኛ ጻፍኩ።

ፎቶውን ማን አነሳው? አይታወቅም። ማን ሰረቀ? እሱም አይታወቅም። ጋሼ ጀማለዲን ደጃፍ ላይ ቆመው «እንግዲህ ማንን ልጠርጥር፣ ልጄ?» አሉኝ። ፉርቃን አለመሆኑንስ እኔ በምን አውቃለሁ? አላውቅም። ፎቶው ምንም እንደማይናገር ብቻ ነው የማውቀው። ሌባ ትይዛለች የተባልኩት እኔ ነኝ...

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ጠዋት አዲስ ስልክ መጣ፣ የሌላ ጉዳይ። ገና ሳንከፍተው ባለቤቱን «ዘፈን የት ነው የምታስጭነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ግራ ገባው። ከዚህ በኋላ ሁሉንም እጠይቃለሁ። ስክሪኑም በመስኮት እንዳይታይ ዞሯል፣ በሪሁን ነው ያዞረው፣ ማንም ሳይነግረው።

ከሰዓት ፉርቃን ስልኩን ሊወስድ መጣ። ከስቷል። ፈረመ፣ ካርዱን አገላብጦ አየው፣ ኪሱ ከተተው። ይቅርታ አልኩት። «አልሐምዱሊላህ፣ ወጣሁ» አለ እንጂ እሺም እምቢም አላለኝም። ልክ ነው።

ሀፍሷ አልገባችም። ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፣ ሻሿ እስከ ቅንድቧ። እሱ ወደ ደረጃው ሲሄድ ወደ እኔ ቀረበች።

«አንቺ ነሽ የከፈትሽው?»

«እኔ ነኝ።»

የሻሿን ጫፍ በእጇ ጨብጣለች። ድምጿ አይሰማም ማለት ይቻላል። «ወንድ አይቶታል?»

በሪሁን ከጀርባዬ ነበር፣ በሩ ክፍት ነው። የኪቦርዱ ድምፅ ቆመ።

ሥራዬ ያየሁትን መናገር ነው። የምማለውም በዚያ ነው።

«አላየም» አልኳት። «እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። እኔም ዘግቼዋለሁ።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ የሻሿን ጫፍ ለቀቀችው፣ እጄን ጨበጠችኝና ባሏን ተከትላ ወረደች። ስገባ በሪሁን ቀና ብሎ አላየኝም። ቆየት ብሎ ለሁለታችን ሻይ አዘዘ።

አመነችኝ? እኔ በሪሁንን እንዳመንኩት ያህል ያመነችኝ ይመስለኛል።