የአፍሪዬን ኮምፒዩተር ለወረሱት፣ ሳይሞቱም ለተለቀሰላቸው ሊቀ መንበር

ለተከበሩ አቶ ቤዲያኮ፣
የሰፈራችን የኮምፒዩተር ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
ኩማሲ፣ ጋና

ጤና ይስጥልኝ ስልዎ ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም፤ ባለፈው ማክሰኞ ጤንነትዎን በዓይኔ አይቼ አረጋግጫለሁና። አንባቢዎቼ አይታዘቡኝ እንጂ፣ ከአክስቴ ከማንሳ ጋር ጥቁር ለብሰን፣ ቀይ ሻሽ አስረን፣ ከመንገዱ ጫፍ ጀምረን እያለቀስን ደጅዎ የመጣነው የእርስዎን ለቅሶ ልንደርስ ነበር። በሩን የከፈቱልን እርስዎው ራስዎ ነበሩ፣ ሩዙን ገና እያኘኩ። «ማን ሞተ?» ቢሉ አክስቴ እንባዋን ሳትጠርግ «አንተ ነህ፣ የኔ ልጅ» አለችዎ።

ጥፋቱ የእኛ ብቻ አለመሆኑን በትሕትና ላስረዳ።

፩ኛ. የሟች ፎቶ ያለበትን የለቅሶ ፖስተር የምትሠራው ጎረቤቴ አፍሪዬ አሮጌ ኮምፒዩተሯ አንድ ፎቶ እስኪከፍትላት ትሰቃይ ነበር። ወንድሟ ፕሬምፔ ከተጣለ ሰርቨር፣ ማለትም ከትልቅ የድርጅት ኮምፒዩተር፣ የተነቀለ ፕሮሰሰር፣ የኮምፒዩተሩን አንጎል፣ አመጣላት። ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ እንግዳውን አልቀበልም ቢል፣ ፕሬምፔ የመቀመጫውን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች በምላጭ ቆረጠ፤ ሁለት መገናኛዎችን የምታቀያይር፣ ከጥፍር ያነሰች ተለጣፊ ከሥሩ አስገባ፤ የማስነሻ ፕሮግራሙንም አስተካከለ። ኮምፒዩተሩ ነፍስ ዘራ። እርስዎ ግን አምራቹ ያልፈቀደው ፕሮሰሰር ማጭበርበር ነው፣ ሰፈሩንም ያቃጥላል ብለው ወረሱት። አፍሪዬ ለማንም አልሸጠችውም፣ እሳቱንም ያየ የለም፤ ብቻ ስለ ጥንቃቄዎ እናመሰግናለን።

፪ኛ. በማስረጃነት የተያዘው ኮምፒዩተር ጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሥራ እየሠራ ነው። ምነው ብንለው «ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች እስኪነሱ ምሳ ሰዓት ይደርሳል፤ ይሄ እንደነኩት ይነሳል» አለን። እንዲህ ያሉ ኮምፒዩተሮችን የሚከለክለው ማስታወቂያዎ የተዘጋጀውም በዚሁ በተከለከለው ነው። ስለዚህ የምለውን በጨዋ ቃል መጻፍ ስላቃተኝ፣ አድናቆት ብዬ አልፈዋለሁ።

፫ኛ. ጸሐፊዎ በየበሩ የለጠፈውን ያንን ማስታወቂያ የጻፈው አፍሪዬ በጀመረችው የለቅሶ ፖስተር ላይ ነው። ጥቁርና ቀይ ጠርዙ፣ ጥጉ ላይ በእጇ የሣለቻት ኩራዝ ሳይቀሩ እንዳሉ ናቸው፤ የተቀየረው የሟቹ ፎቶ ብቻ ሲሆን በቦታው የእርስዎ ኮስታራ ፊት ገብቷል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ወረቀት በር ላይ ሲለጠፍ ጽሑፉን ማን ቆሞ ያነባል? ልብስ ሊቀይር ወደ ቤቱ ይሮጣል እንጂ።

ከፖስተሩ ላይ እንዲወጣ የተደረገው ሟች የታክሲ ሾፌሩ ንሲያ ነው፤ ቀብሩ ቅዳሜ ነው። ብቸኛዋን ፎቶውን ሻጋታ በልቷት ስለነበር አፍሪዬ ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ ያቺን ጠማማ ፈገግታውን እየለቀመች አድሳ ነበር፤ ያ ፊት ያለው እዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ነው። ባለቤቱ ፖኩዋ ቢሮዎ በመጣች ቁጥር «ምርመራ ላይ ነው» እየተባለች ትመለሳለች። ባሏን በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ አስረው ፊቱ በታሰረበት ማሽን ደብዳቤ የሚያስጽፉ ሰው ስለሆኑ፣ ለእርስዎ የፈሰሰው የአክስቴ እንባ ይቆጨኛል።

የእርስዎን ረጅም ዕድሜ ከልቤ የምመኝ፣ ሁለተኛ ላለቅስልዎ ግን ቃል የገባሁ፣
ታዛዥዎ የመጽሔት አምደኛ

ማስታወሻ፦ ኮምፒዩተሩ እስከ ዓርብ ካልተመለሰ፣ የንሲያ ቤተሰብ ከዚያ ማሽን የወጣውን ብቸኛ ፖስተር፣ ማለትም የእርስዎን፣ በአስከሬኑ መኪና ፊት ለመለጠፍ ተስማምቷል። ጥቁር ልብሴን አላጠብኩትም፤ ቅዳሜ እዚያው ስለምገኝ፣ ከመኪናው ላይ ከንሲያና ከእርስዎ የማንኛችሁ ፊት እንደታየ ለአንባቢዎቼ እነግራለሁ።