ቅቤ ተብሎ ስለ ተያዘው የተልባ ዘይት

ለክቡር ባላምባራስ ሀብተወልድ፣ የሸዋ በር ገበያ ሹም፦

ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ጤናዎ እንደ ሥልጣንዎ ይጽናልኝ፤ ይልቁንም ካለፈው ዓርብ ወዲህ ሪዝዎና ከንፈርዎ እንደ ተላቀቁልኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ደብዳቤ በበሩ ላይ የለጠፍሁት በእጅዎ ብሰጥዎ በሥራ ብዛት እንዳይጠፋብዎ ሰግቼ ነው።

አንደኛ፥ እኔ አናጢው ተክለጻድቅ በልጄ በበለጡ የሠርግ ካባ ላይ የሚለጠፍ፣ ጤፍ የሚያክል ዶቃ እሠራ ነበር። የፈላ የተልባ ዘይት በሙቅ የእንዶድ ውሃ ውስጥ ሲናጥ ወደ ደቃቅ ጠብታ ይበተናል፤ ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ከተናጠ እያንዳንዱ ጠብታ ለየብቻው ይደርቃል። እጅ ያረፈ እንደሆነ ግን ሁሉም ተያይዞ አንድ ድብልብል ይሆናል።

ሁለተኛ፥ እርስዎ የመናጫውን ድምፅ ከአጥር ውጭ ሰምተው፣ በሁዳዴ ቅቤ የሚበላ ተገኘ ብለው፣ ሃይማኖታችንን ሊያድኑ ከሁለት ዘበኞች ጋር ገቡ። በገበያው ሌባ ሲያልፍ የማይሰማ ጆሮዎ ይህን መስማቱ ለእኛ ለነዋሪዎች ኩራት ነው። መናጡን እንዳቆም አዘዙ፤ ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ነውና እኔም ሳልንጫጫ አቆምሁ።

ሦስተኛ፥ ማስረጃ ያስፈልጋል ብለው ጣትዎን ነክረው ላሱ። ለጥንቃቄ ደግመው ላሱ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲልሱ ሪዝዎ ከከንፈርዎ ተጣበቀ፤ አፍዎ ባይከፈትም እጅዎ አልቦዘነምና ቅቤ መሆኑን ጽፈው፣ ፈርመው፣ መናጫዬን ይዘው ሄዱ። ያ ሁሉ ዶቃ ዛሬ በግምጃ ቤትዎ አንድ ዶቃ ሆኖ ተቀምጧል።

ባላምባራስ፥ ሠርጉ ለዳግማ ትንሣኤ ነው። ልጄ የእናቷን ካባ ታቅፋ ደጅ ደጁን ስታይ አንጀቴን ትበላዋለች። ዘይቱ አለኝ፤ ሌላ መናጫ ለመዋስ ግን ከሸዋ በር ተነሥቼ ጀጎልን ሁሉ ብዞር፣ ሰው ሁሉ እርስዎን ስለሚፈራ የሚያውሰኝ ጠፋ። ስለ ተከበረው ስምዎ አመሰግናለሁ።

መናጫ እንጂ አክብሮት ያልጎደለበት፣ ሲያዩት ለጥ ብሎ እጅ የሚነሣዎ፣

ተክለጻድቅ
ሐረር፣ መጋቢት ፲ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የንስሐ አባትዎ ያንን ፊርማ አይተው፣ ዓርብ ዕለት የላሱት ምን እንደሆነ ጠይቀውኛል። የተልባ ዘይት ነው፣ ጾም አያስፈታም ብዬ መናጫዬ በተመለሰ ዕለት ልምልልዎ ዝግጁ ነኝ። እስከዚያው ግን፣ ራስዎ ፈርመው እንደ መሰከሩት፣ ቅቤ ነው።