ላልቷል የተባለው ብሎን

ለልጄ፦ ይህ ደብዳቤ በጤና ያግኝህ። እኛ፣ ከብሎን ጭቅጭቅ በቀር፣ ተመስገን ደህና ነን።

አባትህ ብረት የሚቀርጹበትን የፍሬዛ ማሽን እንደገና ፈቱት። «የማሽኑን ጠረጴዛ የሚነዳው ብሎን ላልቷል፤ ሥራዬን ሁሉ ልክ ያሳጣኛል» ባይ ናቸው። በብሎኑ ላይ የሚሽከረከሩትን ትንንሽ የብረት ኳሶች አንድ በአንድ አጥበው መልሰው ገጠሙ፤ ያው ነው። ምሳ ላይ ሳሉ እጀታውን እኔ አዞርኩት፤ ጠረጴዛው ምልክቱ ላይ ልክ ቆመ። ብነግራቸው፣ «አንቺ ደግሞ መቼ ነው መካኒክ የሆንሽው?» አሉኝ። ሻይ ሲደፉም ጥፋቱ የብርጭቆው ነው። ብርጭቆ ቀየርኩ፤ ያው ነው፤ አሁን ግማሽ ብቻ እቀዳላቸዋለሁ። ክርክሩ ሰልችቶኛል።

አዲስ ብሎን ላክ ብለውህ ከሆነ በሰው አትላክ፤ አንተው ይዘኸው ና። ስትደርስም እጃቸውን ጨብጥ፤ ቶሎ አትልቀቅ።

ደጅ ደጁን የምታይ እናትህ