ስምንት ወር የፈጀው በር

ይድረስ ለእናቴ ባል፣ ለጋሼ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ያ ግራ ጆሮዎ እንዴት ሆነልዎት? እናቴ በስልክ ስትነግረኝ አሁንስ ጭራሽ ዘግቶታል፣ የሚሰማው ሲፈልግ ብቻ ነው ትላለች። የእሷስ ጉልበት? ደረጃ መውጣት መውረዱን እንዳታበዛ ይቆጧት፤ የእኔን ቁጣ ከቁም ነገር አትጥፈውም። እኛ ተመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ እጅ ነስታለች፤ የሠሩላት የልብስ መስፊያ ጠረጴዛ ዛሬም ንቅንቅ አላለም ብለህ ጻፍልኝ ብላኛለች።

በስምዎ ደብዳቤ ስጽፍልዎት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለእናቴ ስጽፍ ከግርጌ «ለጋሼም ሰላምታ አቅርቢልኝ» ከማለት አልፌ አላውቅም። ስለዚህ ፖስታውን ሲያዩ ቢደነግጡ አልፈርድብዎትም። የሞተም የታመመም የለም፤ አይዞዎት።

ልጅ ልናሳድግ ነው። መውለድ እንዳልሆነልን ያውቃሉ። ከሕፃናት ማሳደጊያ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ወስደን ልጃችን ልናደርጋት አመልክተናል። ለዚህ ደግሞ አሥር ሳምንት ሥልጠና መግባት ግዴታ ነው። የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ሆኜ አሥራ አምስት ዓመት ሰው ስጥል የኖርኩት እኔ፣ የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ተቀምጬ አሻንጉሊት እንዴት እንደሚታቀፍ ተማርኩ። አሰልጣኟ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ አንገቱን ደግፍ እንጂ አታንቀው እያለች ሰው ፊት ስትቆጣኝ ከረመች።

ይሳቁብኝ፤ የጽሑፍ ፈተናውን ወደቅሁ። የጣለኝ ጥያቄ ልጅዎ ብርጭቆ ቢሰብር መጀመሪያ ምን ይሉታል የሚል ነበር። እኔ «ለምን ሰበርክ?» የሚለውን አክብቤ በኩራት ወጣሁ። መልሱ «ተጎዳህ ወይ?» ነው። ነርሷ ወረቀቱን ስትመልስልኝ ኩም አልኩ። ያሳፈረኝ ግን መውደቄ አይደለም። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ያንን ውሃ ልክዎን፣ መደርደሪያ አለመዝመሙን የሚያዩበትን፣ ማንም እንዲነካብዎት የማይፈልጉትን መሣሪያ፣ ከመሥሪያ ጠረጴዛዎ ላይ ጥዬ ብልቃጡን የሰበርኩበት ቀን ትዝ ብሎኝ ነው። እርስዎ ስባሪውን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ «እስቲ እጅህን» አሉኝ። መዳፌን እያገላበጡ አዩት። መልሱን ቤቴ ውስጥ ተምሬው ነበር ጋሼ፤ ያልያዝኩት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ፈተና አለፍኩ።

በእረፍት ሰዓት ክርክር አይጠፋም። አብሮን የሚሠለጥን አንድ ባለታክሲ፣ ሞተር ሳይክል ለመንዳት እንኳ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ልጅ ለመውለድ ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ወላጅ ለመሆን የሚፈልግ ሁሉ እንደኛ ሠልጥኖ ፈቃድ ማውጣት አለበት ይላል። እኔም አፌን ሞልቼ ደገፍኩት። በልቤ አባቴን እያሰብኩ ነበር፤ ለሥራ ብሎ ወጥቶ በዚያው የቀረውን። እሱን ማን ፈተነው አልኩ። ወደ ቤት ስመለስ ግን ነገሩን አስቤ አስቤ ሌላ መጣብኝ። አባቴ ቢፈተን ያልፍ ነበር። መልኩ ያማረ፣ አፉ ማር፣ ለጠየቁት ሁሉ መልስ ያለው ሰው ነበር አሉ። እርስዎ ግን ሲጠየቁ መሬት መሬት ያያሉ፣ አንድ ቃል ለማውጣት ግማሽ ቀን ይፈጅብዎታል። ፈታኙ እኔ ብሆን ገና በመጀመሪያው ጥያቄ እጥልዎት ነበር። በፈተና ቀን አሳምሮ ነድቶ በሳምንቱ የሰው አጥር ጥሶ የገባ ስንቱን አይቻለሁ። እንግዲህ ሥልጠናው ይኑር እላለሁ። ፈቃዱን ማን ይስጥ ሲባል ግን ምላሴ ይያዛል።

ልጅቷን ማሳደጊያው ውስጥ ስለ ጨዋነቷ «እመቤቲቱ» ይሏታል። ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጠይቃታለን። ባለቤቴን በሁለተኛው ሳምንት አንቺ አለቻት፤ ፀጉሯን አስነካቻት፣ ጭኗ ላይ ተቀመጠች። እኔን አንቱ ትለኛለች። ይቀመጡ ትለኛለች። አመሰግናለሁ፣ ይበቃኛል ትለኛለች። ሲወጡ በሩን ይዝጉት ትለኛለች። ሞግዚቶቹ ምን ዓይነት ሥርዓት ያላት ልጅ ናት እያሉ ይገረማሉ። እኔ ግን ያንን አንቱታ ከውስጡ አውቀዋለሁ። ከዚህ ወዲያ እንዳታልፍ ማለት ነው። እኔ ራሴ እናቴን አንቺ፣ አጎቴን አንተ፣ ማዶ ያለውን ጥበቃ ሳይቀር አንተ እያልኩ፣ እርስዎን ብቻ አንቱ ስል አይደል ያደግሁት? ጎረቤቱ ሁሉ ምን የመሰለ ጨዋ ልጅ ነው እያለ ሲያመሰግነኝ እርስዎ አቀርቅረው ይሰሙ ነበር። እንደገባዎት ያኔም አውቅ ነበር።

ስድስት ቅዳሜ ቻልኩ። በሰባተኛው ቅስሜ ተሰበረ፤ ለባለቤቴ ይቅርብን፣ ልጅቷ እኔን አልወደደችኝም፣ ሌላ ሰው ይሻላታል አልኳት። የምትሰፋውን ልብስ አስቀምጣ ከክፍሉ ወጣች። ማክሰኞ ለእናቴ ደወልኩና ጋሼ ያንን ሁሉ ዓመት እንዴት አድርገው ቻሉኝ ብዬ ጠየቅኋት። እሱማ ሠልጥኖ ነው የገባው ብላ ሳቀችብኝ።

ስምንት ዓመቴ ሳለ እሁድ እሁድ እየመጡ የጓዳችንን በር ይጠግኑ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ። እኔም ለጓደኞቼ እንዲህ ያለ የማይረባ አናጢ አይታችሁ አታውቁም፣ አንድ በር አቅቶታል እያልኩ አሳስቃቸው ነበር። ለካ እናቴ ልጄን ሳታውቀው አላገባህም ብላዎት ኖሯል። ለካ በሩ አንድ ቀንም ተበላሽቶ አያውቅም። ሊሄዱ ሲሉ የማጠፊያውን ብሎን አላልተው ይተዉት ነበር አለችኝ፤ ለሚቀጥለው እሁድ መምጫ እንዲሆንዎት። በሩን እየነቀሉ እየገጠሙ ለካ የሚያጠኑት እኔን ነው። ስናደድ እንደማልበላ፣ ጨለማ መተላለፊያ እንደምፈራ፣ ሰው ሲነካኝ እንደማልወድ፣ ምስማር አቀብል ስባል ግን ደስ እንደሚለኝ። ጋሼ፣ ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ማንም ሳያስገድድዎት፣ ማንም ወረቀት ሳይሰጥዎት ስለ እኔ ብለው ያንን ሁሉ እሁድ መጡ። ውለታዎን በምን ቃል እንደምገልጸው አላውቅም፤ አመሰግንዎታለሁ ማለት ራሱ አነሰብኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ተፈታኝ የመፈተኛ መኪናችንን ምሰሶ ላይ ሰቅሎት ሁለት ሰዓት አረፈድኩ። ባለቤቴ ቀድማኝ ሄዳለች። ስደርስ ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ፊቷ በርበሬ መስሏል። አንተ ውሸታም፣ አራት ሰዓት ብለህ አልነበር፣ አሁን ምን ልትሠራ መጣህ፣ ሂድ አለችኝና አንድ እግር ጫማዋን አውልቃ ወረወረችብኝ። ሞግዚቷ ክው አለች፤ ምን ነካሽ፣ በይ ይቅርታ ጠይቂያቸው ትላታለች። እኔ ጫማውን አንስቼ እስቃለሁ። ልተወው ብል አልሆነልኝም። ባለቤቴ፣ ልጅቷ እየሰደበችህ ምን ያስቅሃል አለችኝ። ይህችን ጥያቄ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሰምቻታለሁ።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ነውና ይምጡልኝ ብዬ ስለምንዎት ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሥራ ይዞዎት፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ፀጉርዎ ሰጋቱራ እንደለበሰ ደረሱ። ሕዝብ ፊት አንተ ቀጣፊ፣ አሁን ማን ና አለህ ብዬ ጮህኩብዎት። እናቴ በጥፊ ልትለኝ ስትሰነዝር እጇን ያዙና ሳቁ። እሷም ልጁ እየሰደበህ ምን ያስቅሃል አለችዎት። እኔ የቀለዱብኝ መሰለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንቱታዬን አጠበቅሁት። በሠርጌ ቀን አጎቴን ከጎኔ አስቀምጬ እርስዎን ከእንግዳ ጋር የቀላቀልኩዎት በዚያው ቂም ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ያዝኩት። ቅዳሜ ዕለት የልጅቷን ጫማ እጄ ላይ ይዤ ምን እንዳሳቀዎት ገባኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ። ጎንበስ ብዬ ጫማውን ላጠልቅላት ስል እንባዋን እየጠረገች እግሯን ዘረጋችልኝ።

አሁን ዓይኔን በጨው ታጥቤ አንድ ነገር ልለምንዎት። ማመልከቻችን አንድ ወረቀት ይቀረዋል፤ አመልካቹን ያሳደገ ሰው የሚሰጠው ምስክርነት። ያለሱ ልጅቷን አይሰጡንም። ቅጹን አብሬ ልኬዋለሁ። ስለ እኔ የሚያውቁትን ሁሉ ይጻፉ፤ የሠርጉንም ቢሆን አይደብቁልኝ። መጨረሻ ላይ ይህ ሰው ልጅ ለማሳደግ ይበቃል ብለው ያምናሉ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። አይበቃም ካሉ እቀበላለሁ፤ ከነርሷም ከቢሮውም ይልቅ የማምነው የእርስዎን ፍርድ ነው። እጅዎ ከከበደዎት እናቴ ትጻፍልዎት፣ እርስዎ ይፈርሙ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ዓይንዎንና ክንድዎን ይጠብቅልኝ፣ እናቴን ከእርስዎ እርስዎንም ከእሷ አይለይብኝ። አምስት ሆነን አንድ ጠረጴዛ የምንቀርብበትን ቀን ያቅርብልን።

ቅጹ ላይ «ከአመልካቹ ጋር ያለዎት ዝምድና» የሚለውን መስመር ብቻ እኔው ሞልቼዋለሁ። በእስክሪብቶ ነው፤ እንዳይሰርዙት።

ልጅዎ