ክዳኑ ስለተመሰከረለት ክሬም

ለተከበሩ የመዋቢያና የንጽሕና መጠበቂያ ዕቃዎች ጥራት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፤
ካሉበት ይድረስዎ።

ክቡር ሆይ፣ ሰላምታዬ ከነቤተሰብዎ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ኩላሊትዎስ? ሌላ ሰው ቢሆን ለወጉ ያህል ስለ ወገብዎና ስለ ጉልበትዎ ይጠይቅዎ ነበር፤ እኔ ግን ሰሞኑን ከኩላሊት ጋር ሳልፈልግ ስለተዋወቅሁ፣ የሰው ደኅንነት ሲነሣ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ እሱ ሆኗል። በመሥሪያ ቤትዎ መግቢያ ላይ የተሰቀለው ፎቶግራፍዎ እንደሚመሰክረው ፊትዎ ወዘናው የሞላ፣ አንድ ነጥብ እንኳ የሌለበት ነውና ለዚህ ፈጣሪን አመስግኜ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

እኔ መጋረጃና የአልጋ ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። ደንበኞቼ ምላሴ ከመቀሴ እንደሚብስ ይናገራሉ፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ግን ለመሳደብ ሳይሆን ለማመስገን ነው። መሥሪያ ቤትዎ ለዋለልኝ ውለታ በቢሮ በኩል ላመሰግን ብል ምስጋናዬ መዝገብ ቤት ገብቶ እንዳይቀር ስለሰጋሁ፣ አገር ምድሩ እየሰማ ባመሰግንዎ ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከታናሽ እህቴ ነው። እህቴ በቅርቡ የመጀመሪያ ልጇን፣ እኛ ድንቡሼ እያልን የምንጠራትን፣ በሰላም ተገላገለች፤ ከእርግዝናው ጋር የመጣው ማድያት ግን ጉንጮቿ ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ሕፃኗን ሲያይ እሷ መስታወት ታያለች። የጎረቤት አንደበት መቼም አያርፍምና፣ አንዷ መጥታ ምነው እንዲህ ጠቆርሽ፣ ባልሽ አይቀልብሽም እንዴ አለቻት፤ እህቴም በማግሥቱ ልጇን አዝላ ከመንገዳችን ጥግ ወዳለው የመዋቢያ ሱቅ ሄደች። የሱቁን ባለቤት ሰፈሩ ጋሽ ቅናሽ ይለዋል። ታላቅ ቅናሽ የሚል ወረቀት ያልለጠፈበት ዕቃ ሸጦ አያውቅም፣ ዋጋ ቀንሶም አያውቅም።

የሸጠላት ክሬም በነጭ ብልቃጥ ያለ፣ ክዳኑ በወርቅ ቀለም የተቀባ ነው። ማን እንደሠራው፣ የት እንደተሠራ አይናገርም። ጎኑ ላይ ያለው ጽሑፍ በሰፈራችን ማንም በማያነበው ፊደል የተጻፈ ሲሆን፣ በእኛ ቋንቋ የሰፈረው "ማድያት ደህና ሰንብት" የሚለው ብቻ ነው። እውነትም ማድያቱ ተሰናበተ። ቆዳዋም አብሮት ጓዙን መጠቅለል ጀመረ፤ ፊቷ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ፣ ፀሐይ ሲነካት ይለበልባት ጀመር፣ አፏም ብረት ብረት አላት። ቆይቶ ደግሞ የድንቡሼ ጉንጭ፣ ያውም ስትተኛ እናቷ ፊት ላይ የምትለጥፈው አንደኛው ጉንጯ ብቻ፣ በሽፍታ ተሞላ። ልጅቷም ነጭናጫ ሆነች፣ እንቅልፍም አጣች።

የጤና ጣቢያችን ሐኪም ብልቃጡን አገላብጣ አይታ፣ ቆዳ እናነጣለን ከሚሉ ክሬሞች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ የሚባል ነገር እንደሚገባባቸው፣ ይኸውም በድሮው የሙቀት መለኪያ ውስጥ የሚታየው ብርማ ፈሳሽ መሆኑን፣ በቆዳ ሰርጎ ኩላሊት እንደሚጎዳ፣ ሕፃን ደግሞ ራሱ ባይቀባም ከእናቱ ፊትና እጅ እንደሚደርሰው በትዕግሥት አስረዳችን። የድንቡሼ ሽንት በትልቁ ሆስፒታል እንዲመረመርም ጻፈችልን። ይኼኛው ብልቃጥ ሜርኩሪ ይኑርበት አይኑርበት ግን በዓይን ስለማይለይ፣ ይህን ማወቅ የሚችለው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው አለች። እህቴ አለቀሰች፣ ከዚያ ብልቃጡን መሳቢያ ውስጥ ከታ ቆለፈችበት። አልጣለችውም። አንቺ ስላልሽ አልጥለውም፣ የመንግሥት መርማሪ መርዝ ነው ካለ ግን ያን ዕለት እጥለዋለሁ፣ ልጄንም አስመረምራለሁ አለችኝ። እኔም ይኼማ ቀላል ነው ብዬ ነጠላዬን አንሥቼ ወደ እናንተ መጣሁ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ መስተንግዶው። መጀመሪያ እመልስልሻለሁ ብዬ የእህቴን ብልቃጥ ከመሳቢያው አስወጥቼ ይዤ ስመጣ፣ ተከፍቷልና ምን እንደጨመራችሁበት አናውቅም ተብዬ በትሕትና ተመለስሁ። ያልተከፈተ ገዝቼ ስመጣ ደግሞ፣ የታሸገ ዕቃ ለመክፈት የአምራቹ ፈቃድ ያስፈልጋል ተባልሁ። አምራቹ ማን እንደሆነ የጠፋብኝ እኔው ነኝ፤ እሱን ባውቅማ እናንተ ጋ ምን ያመላልሰኛል? ልፋ ያለው በሕልሙ ተሸክሞ ያድራል እንዲሉ፣ ከመስኮት መስኮት ስዞር ሰንብቼ በስተመጨረሻ ብልቃጡ ሳይከፈት እንዲመረመር ተስማምተን ተቀበሉኝ። እኔም ሞኟ፣ የተማረ ሰው ሳይከፍት የሚያይበት መላ አያጣም ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ መመርመሪያው መሣሪያ። ውጤት ልጠይቅ ስመጣ ባለሙያው በአክብሮት ወደ ክፍሉ አስገብቶ አሳይቶኛል። ትልቅ፣ ግራጫ፣ ግርማ ሞገስ ያለው መሣሪያ ነው። ከላዩ ዳንቴል ለብሷል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጧል። አንድ ዕቃ ስለጎደለው ዕቃው እስኪመጣ አቧራ እንዳይገባበት መሸፈኑን ባለሙያው ነገረኝ፤ ዳንቴሉን የሠሩት የትዳር ጓደኛው መሆናቸውንም አልደበቀኝም። እጃቸው ይባረክ፣ ውብ ሥራ ነው። ጠርዙ ላይ ትንሽ ተተርትሯልና ብትልኩልኝ በነፃ እጠግነዋለሁ፤ የመሣሪያውን ጉድለት ግን እኔ በመርፌ ልደርስበት አልቻልሁም።

ሦስተኛ፣ ስለ ውጤቱ። የምስክር ወረቀታችሁ እንዲህ ይላል፤ ክዳኑ በሚገባ ይገጥማል፤ ብልቃጡ አያፈስም፤ ክብደቱ ከተጻፈው ጋር ይስማማል፤ ጽሑፉ በግልጽ ይነበባል፤ ስለዚህም ደረጃውን አሟልቷል። ከሥሩም ክብ ሰማያዊ ማኅተም። ያንን ጽሑፍ ያነበበልንን ሊቅ ብታስተዋውቁኝ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ይቀበለው ነበር። ስለ ክሬሙስ ብዬ ስጠይቅ፣ ይዘቱ በሁለተኛው ዙር ይታያል፣ ሁለተኛው ዙር መሣሪያው ሲጠገን ይጀመራል ተባልሁ። ክዳኑ ጥብቅ ለመሆኑ እኔም እማኝ ነኝ፤ እህቴ ፊቷን የምትቀባው ክዳኑን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁላችንም እፎይ ብለን በተኛን ነበር። እንዲህ ያለው ምርመራ ካፖርት ሊገዛ ሄዶ ማንጠልጠያውን መርምሮ እንደሚመለስ ሰው ነው። ይህንን ለባለሙያውም ነግሬዋለሁ፣ ስቆ ሻይ ጋበዘኝ።

አራተኛ፣ ስለ ቅልጥፍናችሁ። የምስክር ወረቀቱ ግልባጭ ለአቤት ባይዋ ለእኔ ከመድረሱ በፊት፣ ጉዳዩ ይመለከተዋል ተብሎ ለጋሽ ቅናሽ ደርሶታል። እሱም ምን የመሰለ ነጋዴ ነው! በር እስኪያክል አስጎልቶ አሳትሞ፣ ከሥሩ "በመንግሥት ተመርምሮ ያለፈ" የሚል ጨምሮበት፣ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይኼው ነው፤ እኔ በእግሬ ተንከራትቼ ያመጣሁት ማስታወቂያ ሱቁን በሴት አጥለቀለቀው። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ከማዶ ጠርቶኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እንዳንቺ ያለውን ከሳሽ ያብዛልኝ ብሎ መርቆ ባለ ሽቶ ሳሙና በስጦታ ሰጠኝ። አልታጠብሁበትም። ክዳን ስለሌለው ደረጃውን ያሟላ አያሟላ ማን ይነግረኛል ብዬ ነው።

አምስተኛው አጭር ነው። እህቴ ያንን መስኮት አየች።

መሳቢያውን ከፈተች፣ ክቡር ሆይ። ልለምናት ስሄድ፣ መንግሥት መርምሮ ያሳለፈውን አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምትከለክዪኝ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ያምርብኝ እንደሆነ ዓይንሽ ይቀላል አለችኝ። ዋጥሁት፤ ታላቅ መሆን ይኼው ነው። የሐኪሟን ወረቀት ግን ለሻይ ማቅረቢያው ምንጣፍ አድርጋዋለች። ድንቡሼን ለምርመራ አልወስድም፣ ከጤነኛ ክሬም ምን በሽታ ይመጣል ትለኛለች። የልጅቷ አባት የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ በስልክ ነግሬው ነበር፤ እሱም መስኮቱ ላይ ያለውን አላየሽም ወይ ብሎ እኔኑ መከረኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብኝ።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ይኼ መከራ ግን እምቢ ያለችውን ትቶ፣ መናገር ያልጀመረችውን ሊመክር ነው የመጣው። የምንኖረው በአንድ ግቢ፣ መስኮት ለመስኮት ነው። ጠዋት ጠዋት እህቴ ስትቀባ አያታለሁ፤ ተቀብታ ስትጨርስ ልጇን ታነሣለች፣ ጉንጭ ለጉንጭ ይጣበቃሉ፣ ድንቡሼም የእናቷን ፊት እየዳሰሰች እጇን ወደ አፏ ትሰዳለች። የልብስ ስፌት መኪናዬን እያቆምሁ እጮሃለሁ። እህቴ መጋረጃውን ትዘጋብኛለች፤ መጋረጃውንም የሰፋሁላት እኔው ነኝ። ቀልዴ እዚህ ላይ ያልቃል። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። እህቴን ፈርቼላት፣ ልጅቷን ደግሞ ከእሷ የበለጠ ፈርቼላት፣ ሥራ መሥራት አቅቶኛል።

እህቴን ሞኝ ናት እንዳይሉብኝ። ሞኝ አይደለችም። ክብ ማኅተም ያለበት ወረቀት ስታይ፣ ከማኅተሙ ጀርባ ብልቃጡን ከፍቶ ያየ ሰው አለ ብላ የምታምን ናት። እንዲህ የሚያምን ዜጋ ስንት ቀርቶዎታል?

ስለዚህ የምለምነው ብዙ አይደለም። ጋሽ ቅናሽ ይታሰር አላልሁም። ባለሙያውም ደግ ሰው ነውና አይነካ። መሣሪያውም ዳንቴሉን እንደለበሰ፣ ዕቃው እስኪመጣለት ይረፍ። የምፈልገው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ "ክዳኑን እንጂ ክሬሙን አልመረመርንም" የምትል፣ በዚያው ሰማያዊ ማኅተም የታተመች። ማስጎላቱንና መስቀሉን ለእኔ ይተዉት። እህቴ እሷን ባነበበች ቀን ልጇን ይዛ ሆስፒታል እንደምትሄድ እርግጠኛ ነኝ፤ ቃሏን ከሰጠች አታጥፍም።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ጊዜ ቢያጥርዎ፣ ኮሚቴ ማቋቋም ቢያስፈልግ፣ ኮሚቴውም አበልና አዳራሽ ቢጠይቅ እረዳለሁ። የሕፃን ኩላሊት ግን ቀጠሮ መቀበል እንደማያውቅ በትሕትና ላስታውስዎ እወዳለሁ።

በመጨረሻም፣ ለክዳኖች ደኅንነት ቀን ከሌት ለሚተጉት ክቡርነትዎ፣ ለወዘናማው ፊትዎና ለመላው ባልደረቦችዎ ያለኝን አክብሮት፣ ወገቤ እስከሚፈቅድልኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ እየገለጽሁ፣ መልስዎን ሥራ ፈትቼ በመጠባበቅ ላይ ነኝ።

መጋረጃ ሰፊዋ፣
የድንቡሼ አክስት

ግልባጭ፦
ለጋሽ ቅናሽ (መቼም ከእርስዎ ቀድሞ ይደርሰዋል)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ውጤቱን ተቀብዬ ስወጣ፣ ወረቀቴ ላይ ማኅተሙን የመታችልኝ ወጣት ሠራተኛዎ እስከ ደረጃው ድረስ ተከትላኝ መጥታ ነበር። ፊቷ ነጣ ያለ፣ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ግን ያው የራሷ ጠይም መልክ ነው። ግራ ቀኝ አይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ነፍሰ ጡር መሆኗንና ያንኑ ክሬም እንደምትቀባ ነገረችኝ፤ ይጎዳኝ ይሆን፣ እውነቱን ንገሪኝ ብላ እጄን ያዘች። አትቀቢው አልኋት፣ ወዲያውም አመነችኝ። ቀኑን ሙሉ ማኅተሙን የምትመታው ልጅ መጋረጃ ሰፊዋን አመነች፤ የእኔዋ እህት ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ዛሬም የምታምነው እርስዎን ነው።