መጨረሻ የበላው ማነው? የእትዬ ትናንት የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ትናንት» እያለ የሚጠራቸው ታላቅ እኅታችን በጥቅምት ወር 1946 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። አባታችን ፖስታ ቤት ደብዳቤ በየአድራሻው የሚለዩ፣ እናታችን የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ከአራት ልጆች እሳቸው የመጀመሪያዋ ሲሆኑ፣ ይህን የጻፈችው እኅታቸው የመጨረሻዋ ናት።

መሥሪያ ቤታቸው ዛሬ እንዲነበብ ብሎ አንድ ገጽ ጽሑፍ ልኮልናል። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ተግባቢ» ይላል። ስሙን ቀይሮ ለማንም ሊነበብ የሚችል ወረቀት ነው። ሟቿ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጣሉት እንዲህ ያለ ወረቀት ከሚጽፉ ሰዎች ጋር ስለነበር፣ አስከሬናቸው ፊት እንዲነበብ ቤተሰቡ አልፈቀደም።

በ1953 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገቡ። በሒሳብ የሚስተካከላቸው አልነበረም። አንድ ስሌት ግን ገና በልጅነታቸው አልገጥም አላቸው፤ ስድስት ሰው በሚኖርበት ቤታችን ከራት በኋላ የሚታጠበው አምስት ሳህን ብቻ ነበር። እናታችን ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው፣ ቆመው፣ ድስቱን በማንኪያ ይፍቁ ነበር። «እማዬ፣ አንቺስ?» ሲባሉ «እኔ በልቻለሁ» ይላሉ። እትዬ ትናንት በአሥር ዓመታቸው ትምህርት ቤት የታደላቸውን ዳቦ በደብተር መሃል ደብቀው አመጡና ለእናታችን ሰጡ፤ እስኪበሉላቸውም በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። እናታችን መርቀው ተቀበሉ። ልጅቷ ዞር ስትልላቸው ግን ዳቦውን ለትንሿ ልጅ አጎረሱት። ያን ዳቦ የበላችው ይህን የጻፈችው እኅታቸው ናት።

ሁለተኛ ደረጃን በ1964 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ቀን የእርዳታ እህል መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ሆነው እየሠሩ፣ ማታ እየተማሩ በስታቲስቲክስ ዲፕሎማ አገኙ። በ1969 ዓ.ም. የምግብ እርዳታው መሥሪያ ቤት የጥናት ክፍል በመረጃ ሰብሳቢነት ቀጠራቸው። ሥራቸው በየቤቱ እየዞሩ «ትናንት ምን በላችሁ?» ብሎ መጠየቅና ቅጽ መሙላት ነበር። «እትዬ ትናንት» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሰፈር ልጆች ናቸው። እሳቸውም ወደዱት፤ ደብዳቤ ላይ ሊፈርሙበት ሁሉ ይቃጣቸው ነበር።

በ1973 ዓ.ም. ለሥራ በሚሳፈሩበት መስመር ላይ አውቶቡስ ከሚነዱት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። እንደሚታወቀው፣ የመጀመሪያ ቀጠሯቸው ላይ ሰውየውን «ትናንት ምን በላህ?» ብለው ነው የጠየቁት። ሰውየውም ሲመልሱ «ቅጹን ካመጣሽው እሞላልሻለሁ፤ ካላመጣሽው ግን እንብላ» አሉ። በ1975 ወንድ ልጃቸውን፣ በ1979 ሴት ልጃቸውን ወለዱ።

አሁን ይህ ጽሑፍ የተጻፈበት ምክንያት ላይ ደርሰናል። የመሥሪያ ቤቱ ቅጽ የሚጠይቀው «ቤተሰቡ ትናንት ስንት ጊዜ በላ?» ብሎ ነው። መልሱን የሚሰጠው በሩን የከፈተው ሰው ነው። በሩን የሚከፍተው ደግሞ ብዙ ጊዜ አባወራው ነው፤ ጎረቤት እየሰማውም «አልበላንም» አይልም። «ሦስት ጊዜ» ይላል። ተጽፎ ይታለፋል። እትዬ ትናንት ግን አያልፉም። «እስቲ ውሃ አጠጡኝ» ብለው ወደ ማድቤት ይዘልቃሉ፤ ዱካ ላይ ቁጭ ይሉና ሴትየዋን መጠየቅ ይጀምራሉ። መጀመሪያ ማን በላ? ከዚያስ? መጨረሻ የበላው ማነው? ምን ተርፎለት? «በልቻለሁ» የሚለውን ቃል እንደ መልስ አይቀበሉም። ምን እንደበላች፣ በየትኛው ሳህን፣ ቆማ ይሁን ተቀምጣ ሳይነገራቸው ከዱካው አይነሱም። ይህንንም ከታተመው ቅጽ ዳር፣ በማስመሪያ ባሰመሩት ዓምድ ውስጥ፣ በቀይ እስክሪብቶ ይጽፉ ነበር።

በ1986 ዓ.ም. አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት በዚህ መንገድ አጠኑ። በሁለት መቶ ስድሳ አንዱ ቤት መጨረሻ የምትበላው እናት ነበረች፤ በዘጠና ሰባቱ ቤት ደግሞ ከድስት ከሚፋቅ በቀር ለእናትየው የተረፈ ነገር አልነበረም። ከእነዚህ አንዷ ሦስት ልጅ የነበራት ልብስ ሰፊ ናት፤ ትንሹን ታጠባ ነበር። ባሏ በር ላይ «ሦስት ጊዜ» ብሏል። ቀዩ ዓምድ ላይ ግን «እናት፤ ቆማ፤ ከድስት የተፋቀ፤ ከዚያ በፊት ባለው ቀን ምንም» ተብሎ ተጽፏል። ወረቀቱን እኛ ቤት ሁላችንም አይተነዋል።

ሪፖርቱ ሲወጣ ቀዩ ዓምድ የለም። የሰፈሩ ቤተሰብ በአማካይ በቀን ወደ ሦስት ጊዜ እንደሚመገብ ተጽፎ፣ በዚያው ወር እርዳታው ከግማሹ ቤት ላይ ተነሣ። ልብስ ሰፊዋም የእርዳታ ካርዷን ተቀማች። ከአራት ወር በኋላ ሰውነቷ ሊቋቋመው ያልቻለ፣ ለሌላ ሰው ቀላል የሆነ የሳንባ ምች ገደላት። እናታችን ያጥቡ በነበረው የሆስፒታል አንሶላ ተጠቅልላ ወጣች።

እትዬ ትናንት ቅጾቹን ታቅፈው ክፍል ኃላፊው ቢሮ ገቡ። ኃላፊው «ቅጹ ላይ የሌለ ጥያቄ ማን ጠይቂ አለሽ?» አሏቸው። እሳቸውም «ጌታዬ፣ ቅጹ ላይ የሌለው ጥያቄው ብቻ አይደለም፤ ሴትየዋም የለችም» ብለው መለሱ። በሚቀጥለው ሳምንት ከጥናት ክፍል ተነሥተው ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት ተዛወሩ። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ የሌሎች ሰዎችን ሪፖርት በየመደርደሪያው እየደረደሩ፣ ከ1987 እስከ 2006 ዓ.ም. አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጡ። ጡረታ ሲወጡ የተሰጣቸው የምስክር ወረቀት ላይ የፈረሙት እኚያው ኃላፊ ናቸው። ዛሬ እንደሚመጡ ነግረውናል። ከመጡ ከፊት ወንበር ይሰጣቸው፤ በደንብ እንዲሰሙ።

እትዬ ትናንት ግን መጠየቃቸውን አልተዉም። በየቅዳሜው በገዛ ጫማቸው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ እየዞሩ ሠላሳ አንድ ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ሞሉ። በ2014 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ አዲስ ቅጽ አሳተመ። «መጨረሻ የበላው ማነው?» የሚል ጥያቄ አለበት፤ መግቢያው ላይ «የመሥሪያ ቤታችን አዲስ ግኝት» ይላል፤ ስማቸው ግን ከዳር እስከ ዳር የለበትም። ወንድ ልጃቸው ተናዶ ሲያሳያቸው፣ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩትና «ሳህኑን አልጠየቁም» ብቻ አሉ። እኛ ግን ያን ቀን የተሰማንን ዛሬም አልረሳነውም፤ ስርቆት ነው።

ባለቤታቸው በ2009 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ንዴታችን መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቢቆም ደስ ይለን ነበር፤ አልቆመም። ከ2015 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ጉሮሯቸው ምግብ አላሳልፍ ብሎ ነበር። ለማንም አልነገሩም። ልጆቻቸው በየቀኑ እየደወሉ «እማዬ፣ በላሽ?» ይላሉ፤ «በልቻለሁ» ይላሉ፤ ስልኩ ይዘጋል። ይህን የጻፈችው እኅታቸው በየእሑዱ እየሄደች፣ የሠሩላትን ሾርባ ጠጥታ፣ ጨዋታቸውን ሰምታ ትመለስ ነበር። እሳቸው ሲያስተናግዱ ቆመው ነበር። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው ስለሚለብሱ መክሳታቸውን አላየችም። አንድ ሳህን ብቻ እንደሚታጠብም አላስተዋለችም። ሠላሳ አንድ ደብተር የሞላች ሴት ቤተሰብ ሆነን፣ «ምን በላሽ? በየትኛው ሳህን?» ብሎ የጠየቀ ከመሃላችን አንድ ሰው ጠፋ።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. ወድቀው ሆስፒታል ገቡ። ሲመዘኑ ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሆኑ። ሐኪሟ «ምግብ ይበላሉ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ወንድ ልጃቸው ከአጠገባቸው ፈጥኖ «አዎ፣ በቀን ሦስት ጊዜ» አለ። እትዬ ትናንት አልጋው ላይ እንደተኙ ሳቁ። «አየሽልኝ ዶክተር» አሉ፣ «እዚህም በሩን የከፈተው ነው የመለሰው።» ልጃቸው ከክፍሉ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ አለቀሰ። የጉሮሮ ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። እኅታቸው «ለምን አልነገርሽኝም?» ስትላቸው፣ «እያስተናገድኩሽ፣ ለመጠየቅ መቼ ፋታ ሰጠሁሽ» ብለው ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ወሰዱት። ይህንንም እንደ ዳቦው አሳልፈው መስጠታቸው ነው፤ እኅታቸው ግን ይህኛውን አትቀበልም።

እትዬ ትናንት ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ። አንድ ወንድ፣ አንድ ሴት ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ ሁለት ወንድሞችና አንድ እኅት ትተዋል። ሠላሳ አንዱ ደብተር ሴት ልጃቸው ዘንድ ነው። ማንበብ ለሚፈልግ ተማሪም ተመራማሪም በሩ ክፍት ነው፤ ስማቸውን ሳይጽፍ ሊጠቀምበት የሚመጣ ግን እንዳይደክም።

በሐዘናችን አብራችሁን ለቆማችሁ ሁሉ ምስጋናችን የላቀ ነው። ከቀብር ስንመለስ ቤታቸው ምግብ ተዘጋጅቷል። ሲጎድል የሚሞሉ፣ ሳህን የሚያነሱ ሴቶች ከጠዋት ጀምሮ ማድቤት ውስጥ አሉ፤ ስትጠይቋቸው «በልተናል» ይሏችኋል። እባካችሁ ዛሬ እንኳን አትመኗቸው። መጀመሪያ እነሱ ይቀመጡ፤ እኛ ቆመን እንጠብቅ።

አምላክ የእኅታችንን ነፍስ ይቀበልልን። ማዕዱ ፊት ወንበር ስቦ ያስቀምጥልን፤ የእሳቸውን ሳህን ከሁላችንም ሳህን አስቀድሞ ይሙላልን። አሜን።